አምስት አይሮፕላን ብቻ ያለው አየር ኃይል

ስለ አየር ኃይል ወሬ በተነሣ ቁጥር የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ተዋጊው አይሮፕላን ነው። በሰልፍ ቀን ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፈው፣ ልጆች በደብተራቸው ጀርባ የሚስሉት፣ ጋዜጦችም ፎቶግራፉን አጉልተው የሚያትሙት እርሱን ነው። ሆዱ የተዘረጠጠው፣ ከኋላው ተከፍቶ ዱቄትና ድንኳን፣ ጂፕና በሽተኛ የሚውጠው የጭነት አይሮፕላን ግን ብዙ ወዳጅ የለውም። ሆኖም የአንድን ትንሽ አገር አየር ኃይል የሥራ መዝገብ ገልጦ ላየ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲደክም የሚገኘው ይኸው መልከ ጥፉ ነው። ተዋጊው ጦርነት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ጭነኛው ግን ማዕበል ሲነሣም፣ ምድር ስትናወጥም፣ ሰው በባዕድ አገር ተከቦ ሲቀርም ይጠራል።

ለዚህ ነገር ከኒው ዚላንድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ጥግ የምትገኝ፣ ሕዝቧም አምስት ሚሊዮን ያህል የሆነ አገር ናት። በ2001 መንግሥቷ ተዋጊ ጀቶቹን ከነአካቴው ከሥራ አስወጣቸው። (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) የጭነት አይሮፕላኖቹን ግን ያለምትክ ለማስወጣት የደፈረ መንግሥት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እነርሱም አምስት ነበሩ። ሦስቱ በ1965 ገቡ፤ ሁለቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተሉ። ከሥራ የተሰናበቱት በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ማለት ነው! በ1960ዎቹ ውሉን የፈረሙት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው የሚበሩበትን ዕቃ እየመረጡ መሆናቸውን አስበውት ኖሯል? እኔ እንጃ። ነገር ግን ምርጫው የአንድ በጀት ዓመት ጉዳይ ሳይሆን የሁለት ትውልድ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሬም ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

በመጀመሪያ የጭነት አይሮፕላን ጥሩ የሚባለው በምን እንደ ሆነ እንይ። ብዙ ሰው በፍጥነቱና በሚሸከመው ቶን ብዛት ይመስለዋል። የጭነት መኪና ባለቤት ግን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ አይቸገርም፤ የመኪናው ወለል ከፍታው ስንት ነው፣ መዝጊያው በየት በኩል ይከፈታል፣ ጭነቱን ለማውረድ ስንት ሰው ይፈልጋል ብሎ ይጠይቃልና። ኒው ዚላንድ ከ1965 በፊት የነበራት ትልቁ ጭነኛ ሄስቲንግስ የሚባል የእንግሊዝ አይሮፕላን ነበር፤ ቁጥሩም አራት። ሄስቲንግስ ጅራቱ ላይ ትንሽ ጎማ ያለው፣ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸውን አምስቱን ዳኮታዎች በፎቶግራፍ ያየ ሰው አቋቋሙን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ አይሮፕላን ወለሉ ዳገት ነው። በርሜሉን፣ መድፉን፣ ሣጥኑን በጎን በር አስገብቶ ዳገቱን ወደ ላይ መግፋት ሊኖር ነው። በዚያም ላይ በሩ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ ማንሻ ዕቃ በሌለበት ሜዳ ላይ መከራ ነው።

ሌላው የነበራት ብሪስቶል ፍሬይተር ይባላል። እርሱ ደግሞ በአፍንጫው እንደ ቁም ሣጥን ወዲያና ወዲህ ይከፈታል፤ ጎማዎቹ በአየር ላይም ተዘርግተው ይቀራሉ እንጂ አይታጠፉም፤ አካሄዱም እጅግ ዝግ ያለ ነበር። ለአጭር መንገድ የሚናቅ አልነበረም፤ ኒው ዚላንድም እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ አለፍ ብሎ ድረስ ሠርታበታለች። ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ግን የሚሆን አልነበረም። (አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የሄስቲንግስም የፍሬይተርም ሞተር የብሪስቶል ፋብሪካ ሥራ ሲሆን ስሙ «ሄርኩለስ» ይባል ነበር። ቀጥሎ የመጣው የአሜሪካ አይሮፕላን ደግሞ ራሱ ስሙ ሄርኩለስ ሆነ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ።)

ሄርኩለስ፣ በሙያ ስሙ ሲ-130፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በነሐሴ 1954 ነው። አሜሪካኖች በኮሪያ ጦርነት የነበሯቸው ጭነኞች አላረካቸው ብሎ ነበር የታሰበው። የሠሪዎቹ ብልሃት የተገለጠው ክንፉን በጣራው ላይ በማድረጋቸው ነው። ክንፉ ከላይ ሲሆን ሆዱ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ወለሉም ከጭነት መኪና ወለል ጋር ይስተካከላል። ከኋላ የሚከፈተው መዝጊያ ወርዶ መሬት ሲነካ መንገድ ይሆናል፤ ጂፑ በራሱ ሞተር እየነዳ ይገባል። አራቱ ሞተሮች ከመሬት ርቀው ስለ ተሰቀሉ ጠጠርና አቧራ በቀላሉ አያገኛቸውም። ሞተሮቹ ቱርቦፕሮፕ የሚባሉት ናቸው፤ ማለትም የጀት ሞተር ፕሮፔለር ሲያዞር ማለት ነው። እንደ ንጹሕ ጀት አይፈጥንም፤ ነገር ግን ከአጭር ሜዳ ይነሣል፣ በነዳጅም ይቆጥባል።

ኒው ዚላንድ «ኤች» የተባለውን የተሻሻለ ዓይነት ከዓለም ሁሉ ቀድማ ተረከበች። አይሮፕላኖቹ በገቡ በጥቂት ወር ውስጥ፣ በሐምሌ 1965፣ የአገሪቱን የመድፈኛ ባትሪ ከኦክላንድ አጠገብ ካለው ከፌኑአፓይ ሠፈር ወደ ቬትናም አደረሱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ ወደ ደቡብ ዋልታ፣ ወደ አንታርክቲካ በረሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን ዓይነት አይሮፕላን በሙቀት ጫካና በበረዶ ምድር ማሠራት ማለት ይህ ነው። ለትንሽ አየር ኃይል የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ አለ፤ ለሙቀቱ አንድ፣ ለበረዶው ሌላ፣ ለሩቁ ሦስተኛ ዓይነት መግዛት የሚችለው ባለጸጋ ነው። ድሃው አንዱን ለሁሉ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። አንባቢ ሆይ፣ አምስት አይሮፕላን አለኝ የሚል አየር ኃይል በእውነቱ ስንት አይሮፕላን ያለው ይመስልሃል? አንደኛው ሁልጊዜ በጠቅላላ እድሳት ላይ ነው፤ ሆዱ ተፈትቶ፣ ክንፉ ተመርምሮ ለወራት አይወጣም። ሁለተኛው የዘወትር ምርመራ ላይ ነው፤ ወይም አንድ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሦስተኛው ለአዲስ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው፤ እርሱን ከለከልክ ማለት ከአምስት ዓመት በኋላ አብራሪ የለህም ማለት ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው። ከሁለቱም አንዱ ሥራ ላይ ሄዶ ከአገር ውጭ ቢሆን፣ ሌሊት ስልክ ሲደወል መልስ የሚሰጠው አንድ ብቻ ይሆናል። ይህንን ሒሳብ በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስሠራ አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ መምህር፣ አንዱ ቢሰበርስ?» ብሎ ጠየቀኝ። የአየር ኃይል አዛዥ ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ባለ ሁለት መቶ አይሮፕላን አንዱ ቢበላሽበት ከመቶ ግማሽ አጣ። ባለ አምስቱ ግን አንድ አምስተኛውን አጣ። ስለዚህ ትንሹ አየር ኃይል በመግለጫው መጽሔት ላይ ከሚታተመው የፍጥነትና የቶን አኀዝ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ማስቀደም አለበት፤ ይህ አይሮፕላን ከመቶ ቀን ስንቱን ቀን ጧት ተነሥቶ ይሠራል? መለዋወጫውስ ጎረቤቴ ዘንድ ይገኛል? እኔ የማውቀውን ብልሽት ከእኔ በፊት ያየና መድኃኒቱን ያገኘ ሌላ ሰው አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ለፎቶግራፍ አይመቹም፤ የሚጠየቁትም በቢሮ ውስጥ ፋይል በሚያገላብጡ ሰዎች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የርቀት ነገር ይመጣል፤ በኒው ዚላንድ ዘንድ ደግሞ ርቀት ማለት ሞትና ሕይወት ነው። ከክራይስትቸርች ከተማ በአንታርክቲካ እስካለው እስከ ማክመርዶ ድረስ 3,800 ኪሎሜትር ያህል ነው። በመካከል ከባሕርና ከበረዶ በቀር ለትልቅ አይሮፕላን ማረፊያ የሚሆን የለም። አንድ አይሮፕላን ለአሥር ሰዓት የሚሆን ነዳጅ ይይዛል፣ መንገዱም ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል እንበል። ነፋሱን ብንተወው፣ አምስት ሰዓት ከበረረ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው ነዳጅ ያልቅበታል። በዚያች ደቂቃ አብራሪው በሬዲዮ የአየሩን ሁኔታ ጠይቆ መወሰን አለበት፤ ወይ መመለስ፣ ወይ መቀጠል። ከቀጠለ በኋላ ግን ምንም ይምጣ ምን በዚያው በበረዶው ላይ ማረፍ አለበት። ይህች ነጥብ በሙያው ቋንቋ በደኅና መመለሻ ነጥብ ትባላለች።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚነገር ተረት አይደለም። ኒው ዚላንድ በ2003 ሁለት ያገለገሉ ቦይንግ 757 የመንገደኛ አይሮፕላኖች ገዝታ ለአየር ኃይሏ አድርጋ ነበር። ጀት ስለ ሆኑ ከሄርኩለስ በጣም ይፈጥናሉ፤ ሰውም በደንብ ያስቀምጣሉ። በጥቅምት 2013 ከእነርሱ አንዱ መንገደኛውንና ሠራተኛውን ጨምሮ 130 ሰው ይዞ ወደ ማክመርዶ ሄደ። የመመለሻዋ ነጥብ ላይ ሲደርስ የአየሩ ወሬ ደኅና ነበር። ነጥቧን ካለፈ በኋላ ግን ሜዳው በጉም ተዋጠ። አይሮፕላኑ ጉሙ ይገልጥ እንደ ሆነ እየዞረ ጠበቀ፤ አልገለጠም። ነዳጁም ወደ ኋላ የሚመልስ አልነበረም። በመጨረሻ አብራሪዎቹ በደንቡ ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወርደው፣ መሬቱ በደንብ ሳይታያቸው አሳረፉት። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ያን ቀን 130ውን ሰው የመለሰው የአብራሪዎቹ ችሎታና ዕድል እንጂ የአይሮፕላኑ ፍጥነት አልነበረም። ፈጣን መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሄዶ መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ጭነትና ርቀት እንደ ሁለት ባላንጣዎች ናቸው። ለአንዱ የሰጠኸውን ከሌላው ላይ ትቆርጣለህ። ሻጩ «20 ቶን ይሸከማል፣ ይህን ያህል ሺህ ኪሎሜትር ይሄዳል» ሲል ሁለቱም እውነት ነው፤ በአንድ ቀን ግን ሁለቱን አያደርግም። የኒው ዚላንድ ጦር ሠራዊት በ2000ዎቹ መጀመሪያ 105 ባለ ስምንት ጎማ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ገዝቶ ነበር። የአንዱ ክብደት ወደ 17 ቶን ይጠጋል። እርሱን በአሮጌው ሄርኩለስ ላይ ጭኖ ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ መሙላት የማይሆን ነገር መሆኑ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ጦሩ መኪናውን ለብቻው፣ አየር ኃይሉ አይሮፕላኑን ለብቻው ሲመርጥ እንዲህ ይሆናል። የጭነት አይሮፕላን ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ መለካት የሚገባው የአይሮፕላኑን ክንፍ ሳይሆን በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ የቆመውን ዕቃ ነው።

እኛ አገር ለምናድግ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ፤ እርሱም የመሬት ከፍታ ነው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር ያንሰዋል፣ ክንፍም የሚደገፍበት ያጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። በባሕር ዳርቻ 20 ቶን የሚያነሣው እዚህ ከዚያ ብዙ ቀንሶ ይነሣል። በ1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በዚያ የረሃብ ዘመን፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች አዲስ አበባ ሰፍረው፣ የጀርመኖቹም ትራንሳል የሚባሉት ጭነኞች ተጨምረው፣ እህል ወደ ደጋው ያመላለሱበት ጊዜ ነበር። ሜዳ ባለበት በጠጠሩ ላይ ያርፋሉ። ሜዳ በሌለበት እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ የኋላውን መዝጊያ ከፍተው ከረጢቱን ያለ ጃንጥላ ይጥሉታል። ይህን ለማድረግ በአየር ላይ የሚከፈት የኋላ በር ያስፈልጋል፤ ዝግ ብሎ ሲበር የማይወድቅ ክንፍ ያስፈልጋል። በዚያ ተራራ ላይ ከረጢቱን የጠበቀ ሰው የአይሮፕላኑን ፍጥነት አልጠየቀም።

እንግዲህ ወደ ኒው ዚላንድ ሁለተኛ ምርጫ እንለፍ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለኛል። አምስቱ ሄርኩለሶች ማርጀታቸው በ1990ዎቹ ውስጥ ታወቀ። ጎረቤቷ አውስትራሊያ «ጄ» የተባለውን አዲሱን ሄርኩለስ 12 ስታዝ፣ ኒው ዚላንድም በዚያው ውል ላይ ተደርባ እንድትገዛ በሩ ተከፍቶላት ነበር። አልገባችበትም። በ2004 የገዛችው ሳይሆን ያደሰችው ሆነ፤ የክንፉ መካከለኛ ክፍል፣ ሽቦው፣ የአብራሪው ክፍል መሣሪያ እንዲለወጥ ተዋዋለች። የመጀመሪያዎቹ ወደ ካናዳ ሄደው ተፈቱ። ሥራውም ከታሰበው ብዙ ዓመታት ዘገየ። ከአምስት አይሮፕላን ሁለቱ ተፈትተው በተቀመጡበት ጊዜ የቀሩት ሦስቱ ምን ያህል እንደ ተሠቃዩ፣ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ መልሶ ማየት ይበቃል። ማደስ ርካሽ ይመስላል፤ ገንዘቡ ርካሽ ሊሆንም ይችላል፤ ጊዜው ግን ከማንም አይበደርም።

ከዚያም ትልቁን ሲ-17 ለመግዛት ሐሳብ መጣ። ሲ-17 አራት የጀት ሞተሮች ያሉት፣ ከ70 ቶን በላይ የሚሸከም ግዙፍ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው በ2015 ሥራውን አቆመ፤ ተሠርተው ገዢ ያጡት ጥቂቶችም በሌሎች አገሮች ተወሰዱ። ወሳኙ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ገበያው ተበተነ። የትንሽ አገር ገዢ እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘብ ማነስ ሳይሆን ከውሳኔ መዘግየት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በመጨረሻ በ2019 ሚኒስትሩ የሚመረጠው ሄርኩለስ «ጄ» መሆኑን አስታወቁ፤ በ2020ም መንግሥት አምስቱን በ1.521 ቢሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ለመግዛት ፈቀደ። ይህን ቁጥር ለአምስት አካፍሎ «አንዱ አይሮፕላን ይህን ያህል ዋጋ አወጣ» የሚል ሰው ይሳሳታል። በውስጡ አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው የሚሠለጥኑበት ሲሙሌተር አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ ሥልጠናና ሌላም አለ። ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ መኪና አስገዝቶ ለጎማና ለዘይት በጀት ያልያዘ ሹም የሚደርስበትን ሁላችንም አይተናል። ሲሙሌተሩን ደግሞ እንደ ቅንጦት ማየት አይገባም። ለማሠልጠኛ የሚሄደውን አንዱን አይሮፕላን ከፊል ጊዜውን ለሥራ የሚመልሰው እርሱ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ደካማ አልነበሩም። የአውሮፓው ኤ-400 ኤም 37 ቶን ይሸከማል፤ ሆዱም ወርዱ አራት ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ትልቅም ውድም ስለ ሆነ በአምስት ሄርኩለስ ገንዘብ አምስት አይገኝም። ቁጥሩ ወደ ሦስት ሲወርድ ሒሳባችን ምን እንደሚሆን አስቡት። የብራዚሉ ሲ-390 በሁለት የጀት ሞተር የሚበር፣ 26 ቶን የሚያነሣ፣ ከሄርኩለስ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር ያላነሰ የሚቀድም ነው። ነገር ግን ኒው ዚላንድ ምርጫዋን ባስታወቀችበት በሰኔ 2019 ገና አንድም አየር ኃይል አልተረከበውም ነበር፤ የብራዚል አየር ኃይል ራሱ የመጀመሪያውን ያገኘው ከጥቂት ወር በኋላ በመስከረም ነው። ባለ አምስት አይሮፕላን አገር በአዲስ ዕቃ ላይ የሚገኘውን ጉድለት ሁሉ ለዓለም መርማሪ ሆና ልታወጣለት አትችልም። ሚኒስትሩም በሥራ የተፈተነ ዕቃ እንደሚፈልጉና የአንታርክቲካውን መንገድ እንደሚያስቡ በግልጽ ተናግረዋል።

እኔ ይህን ምርጫ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ነገር ግን ያለ ቅሬታ አይደለም። አዲሱ ሄርኩለስ ከአሮጌው ወደ አራት ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ በስድስት ፓሌት ፈንታ ስምንት ይጭናል፤ በተመሳሳይ ጭነትም ከአሮጌው ርቆ ይሄዳል። የሆዱ ወርድና ቁመት ግን በ1954 የተወሰነው ነው፤ ቁመቱ ወደ 2.7 ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር አለፍ ብሎ። መኪናና ሄሊኮፕተር ግን ከዚያ ወዲህ ሰፍተዋል። ያ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ዛሬም እንደ ድሮው ያስቸግራል።

ደግሞ ሌሎች ትንንሽ አየር ኃይሎች ሌላ መልስ አግኝተዋል፤ ተሳስተዋልም ማለት አይቻልም። ሆላንድ አራት አሮጌ ሄርኩለሶች ነበሯት። በ2022 ያንኑ ጥያቄ ራሷን ጠይቃ ሲ-390ን መረጠች፤ ምክንያቷም ለብዙ ቀን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፣ ጥገናውም ይቀላል የሚል ነበር። ከ2019 እስከ 2022 ያለው ሦስት ዓመት አዲሱን ዕቃ በብራዚል አየር ኃይል እጅ አሳየው። በሰኔ 2019 «ቆይ» የተባለው በሰኔ 2022 «ይሁን» መባሉ ስለዚህ እርስ በርሱ አይጋጭም። ኦስትሪያ ደግሞ በ2003 ከእንግሊዝ ሦስት ያገለገሉ ሄርኩለሶች ገዝታ ሃያ ዓመት ሠራችባቸው፤ ቀጥላም በ2024 ከሆላንድ ጋር በአንድ ውል ሲ-390 አዘዘች። ጎረቤት ያለው ሰው አብሮ መግዛት ይችላል። ሉክሰምበርግ ያላት አንድ ኤ-400 ኤም ብቻ ነው፤ እርሱም ከቤልጂግ ሰባቱ ጋር በአንድ ሠፈር ይኖራል፣ በአንድ ላይ ይጠገናል። ይልቁንም የሚያስደንቀው በሃንጋሪ በፓፓ ያለው ማኅበር ነው፤ 12 አገሮች ሦስት ሲ-17 በጋራ ይዘው የበረራውን ሰዓት እንደ ዕቁብ ይካፈላሉ። ዕጣው ግን በየተራ ሳይሆን ባዋጡት መጠን ነው።

ኒው ዚላንድ በመሬት የሚዋሰናት አገር የላትም። ያላት በባሕር ማዶ ያለችው አውስትራሊያ ናት፤ እርሷም የምትበረው በዚያው በሄርኩለስ «ጄ» ነው። የመለዋወጫው ነገር በምርጫው ሚዛን ላይ ስንት ኪሎ እንደ መዘነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሮጌዎቹ ገና ሳይሰናበቱ የመጨረሻውን ትልቅ ፈተና ያዩት በጥር 2022 ነበር። በጥር 15 ቀን በቶንጋ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ውስጥ ያለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የባሕሩ የስልክ ገመድ ተቆረጠ፤ የደሴቶቹ ወሬ ጠፋ። የአይሮፕላን ማረፊያውም በአመድ ተሸፈነ። የቶንጋ ሰዎች በአካፋና በእጅ ጋሪ ሜዳውን ለቀናት ጠረጉ። በጥር 20 ቀን ከኒው ዚላንድ አንድ ሄርኩለስ፣ ከአውስትራሊያም አንድ ሲ-17 አረፉ። የሄርኩለሱ ጭነት የውኃ መያዣ፣ የመጠለያ ዕቃና የኤሌክትሪክ ጄኔሬተር ነበር። ወቅቱ የኮሮና በሽታ ወቅት ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ከአገሬው ሰው ጋር ሳይገናኙ ዕቃውን በወለሉ ላይ አንሸራትተው አውርደው ተመለሱ። ያን ቀን የበረረው አይሮፕላን ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። ወለሉ ግን ከጭነት መኪና ወለል ጋር እኩል ነው፤ መዝጊያውም መሬት ይነካል።

አዲሶቹ አምስቱ በ2024 ሁለተኛ አጋማሽ ገብተው አለቁ። በእነርሱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች የሉም። አሮጌው የሚበረው በአምስት ሰው ነበር፤ ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ የጭነት ኃላፊ፣ አንድ የበረራ መሐንዲስ፣ አንድ ናቪጌተር የሚባለው መንገድ መሪ። በአዲሱ ሦስት ይበቃሉ፤ የቀሩትን የሁለቱን ሥራ ኮምፒዩተር ወሰደው። በበረዶው መንገድ ላይ የመመለሻዋን ነጥብ በእርሳስና በወረቀት ይቆጥር የነበረው ሰው ሙያ በዚህ አለቀ።

የ757ቱ ጉዳይ ግን ገና ነበር። በሰኔ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ጃፓን ሲሄዱ ከሁለቱ አንዱ ፖርት ሞርስቢ ላይ ተሰብሮባቸው በመንገደኛ አይሮፕላን ሄዱ፤ ጋዜጦቹም ለሳምንት ያህል ሳቁበት። በነሐሴ 2025 መንግሥት ምትካቸውን አስታወቀ፤ ኤርባስ ኤ-321 የሚባሉ ረጅም መንገድ የሚሄዱ አዳዲስ ጀቶች ናቸው። ቁጥራቸው እንደ ገና ሁለት ነው፤ አንዱ በጥገና ላይ ሲሆን የሚቀረው አንድ።